ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ተቃጠለ ዘይት ሽታ

ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መካከል ምስጋና የሚጎድለው አፍንጫ ነው። ዓይን መልክን ስለሚያይ፥ ጆሮም ዜማን ስለሚሰማ፥ ምላስም ጣዕምን ስለሚለይ ይወደሳሉ፤ አፍንጫን ግን ሰው የሚያስበው ጉንፋን ሲዘጋው ነው። ነገር ግን እሳት ነበልባል ሳይሆን፥ ጢስም ለዓይን ሳይታይ፥ ወሬውን አስቀድሞ የሚያመጣ እርሱ ነው። በደጅ ተቀምጣ እህል የምታበጥር ሴት በድንገት ሰፌዷን ጥላ ወደ ጓዳ የምትሮጠው ድስቱን አይታ አይደለም፤ የወጡን ማረር አፍንጫዋ ነግሯት ነው። ደርሳ ውሃ ጠብ ብታደርግበት ወጡ ይድናል፤ «ጥቂት ልቆይ» ብትል ግን ወጡም ድስቱም ይበላሻል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምሳሌ ይህንኑ ይናገራል።

ይህ ምሳሌ ለጓዳ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በመንገድ ለሚሄድ መኪናም ይሠራል። በመኪና ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ሲሸት ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ ከወዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ መሪውን ለያዘው ብቻ ሳይሆን ከኋላው ለተቀመጡትም ሁሉ ይጠቅማል። በፎገራ ሜዳ የሚሠራ የአንድ ሹፌር ታሪክም ነገሩን ያስረዳል።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ አገር ነው። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች በመካከሉ አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። አስቀድሞ በከብቱ የታወቀው ይህ አገር፥ ሩዝ በ1970ዎቹ ከገባበት ወዲህ ውሃ መተኛቱ በረከት ሆኖለታል። የሜዳው ከተማ ወረታ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ በእርሷ ያልፋል፤ ቻይናውያን መሐንዲሶች የሠሩት ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወጣው መንገድም ከእርሷ ይገነጠላል። ወረታ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር፥ ደብረ ታቦር ግን ወደ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ከወረታ ወደ ምሥራቅ የተነሣ መኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ 900 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ብዙ ሳያስጨንቅ ይከርማል፤ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ግን የመኪናውን ጤና በየቀኑ ይመረምራል። ሜዳ የሸሸገውን ደዌ ዳገት ይገልጠዋልና።

ያ ሹፌር ዕድሜው ከ30 ጥቂት ያለፈ፥ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነበረ። ሥራው በአሮጌ ቶዮታ ሚኒባስ ከወረታ ደብረ ታቦር ሰው ማመላለስ ነው። መኪናውን የገዛው በራሱ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። አባቱ ሁለት የሚታለቡ የፎገራ ላሞች ሸጠውለታል፤ ታላቅ ወንድሙ የሁለት ዓመት የሩዝ ዋጋ ጨምሮለታል፤ የጎደለውን ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ወስዶ በየወሩ ይከፍላል። እንግዲህ መኪናው አንድ ቀን ቢቆም የሚጎዳው አንድ ቤት ብቻ አልነበረም፤ የሦስት ቤት እንጀራ በአንድ ሞተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበረ።

በታኅሣሥ ወር፥ የሩዝ ነጋዴ በሚበዛበት ሰሞን፥ ጠና ያሉ ሴት ከሹፌሩ አጠገብ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። በዚህ ዓይነት ሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከፊተኛው ወንበር ሥር ነውና፥ ከሞተሩ የሚነሣ ማንኛውም ሽታ አስቀድሞ የሚደርሰው በዚያ ለተቀመጠ ሰው ነው። መኪናው ዓለም በርን አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፈን አድርገው፥

«ልጄ፥ ምጣድህ ከልክ በላይ ግሏል» አሉት።

«የምን ምጣድ እማማ?»

«ከሥሬ ያለው ነዋ! ምጣድ አለቅጥ ሲግልና ማሰሻ ሲያርፍበት እንዲህ ነው የሚሸተው። ዕድሜዬን ሙሉ የጋገርሁ ሴት ይህን ሽታ አልስተውም።»

ሹፌሩ ሣቀ። «ዳገት ነው እማማ፤ መኪና ዳገት ላይ እንዲህ ይላል» ብሎ መስኮቱን ዝቅ አደረገላቸው።

መስኮት መክፈት የመጀመሪያው ሽሽት ሆነ። በሳምንቱ ከመስታወቱ ላይ ሽቶ የተነከረ ካርቶን ሰቀለ፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ረዳቱ «ጋሼ፥ ሰው ከፊት መቀመጥ ጠላ እኮ» ሲለው «ዝም ብለህ ሒሳብህን ሰብስብ» አለው፤ ይህ ሦስተኛው ነው። መስኮትና ሽቶ ሽታውን ከሰው ይሰውሩ ይሆናል፤ ዘይቱን ከጋለ ብረት ግን አያርቁትም። እንዲያውም ሌባ ሲገባ የጮኸን ውሻ አፉን እንደ ማሰር ያለ ሥራ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ሽታው በዳገት ብቻ ሳይሆን መናኸሪያ ቆሞ ሰው ሲጭንም መምጣት ጀመረ። ያን ጊዜ ፈርቶ በሌላ ከተማ ወደሚገኝ ጋራዥ ወሰደው። በዚያ ያለው ሠራተኛ ከመኪናው ሥር ገብቶ በባትሪ መብራት ተመለከተ፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ቦታ በዘይት ርሶ አገኘው። «የሞተሩ የኋላ ማሸጊያ ሄዷል፤ ካምቢዮው ይወርዳል፥ ከወረደ አይቀርም ፍሪሲዮኑም ይለወጣል» ብሎ ዋጋውን ነገረው። ዋጋው የሦስት ወር ትርፉን የሚበልጥ ነበረ። ሹፌሩ «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ መመለስ ግን አላሰበም።

በዚህ ጭንቀት ሳለ ገዢ መጣለት። ገዢውም እንደ እርሱ የወንድሞቹን ገንዘብ አሰባስቦ እንጀራ ሊጀምር የሚፈልግ ጎልማሳ ነበረ። አንድ ወዳጁም እንዲህ ሲል መከረው፤ «ሞተሩን አሳጥበው። ገዢው ማለዳ ይምጣ፤ ወደ ደብረ ታቦር እንዳትወጣ፥ በሜዳው ወደ ርብ ድልድይ ንዳለት። ቀዝቃዛ ሞተር በሜዳ አይሸትም።» ምክሩ ለጥፋት የተሰጠ ቢሆንም ትክክለኛ እውቀት ነበረበት፤ በእርግጥም ያልጋለ ሞተር በሜዳ አይሸትም።

ሹፌሩ ሞተሩን ሊያሳጥብ በወረታ ወደ አንድ አሮጌ መካኒክ ግቢ ሄደ። ሽማግሌው ወንበሩን አንሥተው ሞተሩን ተመለከቱ፤ ጣታቸውንም ከሞተሩ ጎን አስነክተው አሸተቱት።

«ለምንድን ነው የሚታጠበው?»

«ገዢ ይመጣል ጋሼ፤ አምሮ ይታይ ብዬ ነው።»

«ልትሸጠው ነው ወይስ ልትገላገለው?»

ሹፌሩ ዝም አለ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። «ማጠቡንስ እናጥበዋለን» አሉ፤ «ነገር ግን ልጄ፥ አንዱ ውሃ ሁለት ሥራ አለው። ለገዢ ብለህ ያጠብኸው እንደ ሆነ እድፉ የሚናገረውን ታጠፋለህ። ለራስህ ብለህ ያጠብኸው እንደ ሆነ ግን ነገ ማን እንዳቆሸሸው ታያለህ። ለየትኛው እንደምታጥበው ንገረኝና ልጀምር።»

ሹፌሩ ያን ጊዜ የሴትዮዋን ነገር፥ የሽቶውን ነገር፥ የጋራዡን ዋጋ፥ የወዳጁንም ምክር ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሲጨርስ «በል እንግዲህ ለራስህ ይታጠብ» አሉ።

ነገር ግን ሽማግሌው አንዲት ብሎን ከመንካታቸው በፊት አራት ነገር ጠየቁት። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማይሰጥ፥ መካኒክም ባለ መኪናውን ሳይጠይቅ ቁልፍ ሊያነሣ አይገባውምና።

መጀመሪያ የጠየቁት ሽታው ምን እንደሚመስል ነው። የመኪና ሽታ አንድ ብቻ አይደለም። ፍሪሲዮን ሲቃጠል እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ፍሬን ሲግል ሽታው ከጎማው በኩል ይመጣል፤ ይህም የሚሆነው ቁልቁለት ሲወረድ ነው። የራዲያተር ውሃ ከነመድኃኒቱ ሲፈስ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቃጠል እንደ ቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ይህ ሲሆን መኪናውን ወዲያው ማቆም እንጂ ምርመራ አያስፈልግም። በመከር ጊዜ ደግሞ በመንገድ የተበተነ ገለባ ከመኪናው ሆድ ተጠምጥሞ በጭስ ማውጫው ሊለበለብ ይችላል፤ ይህንም የገጠር ሰው ሁሉ በሽታው ያውቀዋል። የሞተር ዘይት ሽታ ከእነዚህ ሁሉ ልዩ ነው፤ ከበድ ያለ፥ መራራ፥ ጉሮሮ የሚይዝ ነው። እነዚያ ሴት በአንድ ቃል «ማሰሻ» ብለው ለይተውት ነበረ።

ሁለተኛ የጠየቁት ጊዜውን ነው። ሽታው ዳገት ላይ ከበረታ፥ ሲቆምም ከባሰ፥ በሜዳ ሲነዳ ግን ከጠፋ፥ ዘይቱ ከሞተሩ ውጭ በጋለ ነገር ላይ እየወደቀ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። መኪናው በሜዳ ሲሮጥ ነፋስ ሽታውን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ሲቆም ግን የሚወስደው ስለማያገኝ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛ የጠየቁት የጭሱን ቀለም ነው። በጭስ ማውጫው ጫፍ ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ እንደ ሆነ ዘይቱ የሚቃጠለው ከሞተሩ ውስጥ ነው። ጭሱ አድሮ ማለዳ ሲነሣ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቮቹ ማሸጊያ ደክሟል ማለት ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡትና ሽቅብ ሲወጣ የሚበዛ ከሆነ ግን የፒስተኖቹ ቀለበት አልቋል፤ ይህም ከባድ ሥራ ነው። የሹፌሩ መኪና ሰማያዊ ጭስ አልነበረውም።

አራተኛ የጠየቁት ዘይቱ ይጎድል እንደ ሆነ ነው። ሹፌሩ «መብራቱ አልበራም» አለ። ሽማግሌው «መብራቱን የምትጠብቅ ከሆነ የምትጠብቀው መርዶን ነው» አሉ። ያ ቀይ መብራት በብዙ መኪና የሚበራው የዘይቱ ግፊት ሲወድቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጉዳቱ ጀምሯል። መጠኑን የሚናገረው መለኪያው ዘንግ ነው። መኪናው በተስተካከለ ቦታ ይቆማል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ሆዱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ዘንጉ ወጥቶ በጨርቅ ይጠረጋል፥ ተመልሶ ይገባል፥ ሁለተኛ ሲወጣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይነበባል። በዳገት ላይ ቆሞ የሚነበብ ዘይት ይዋሻል፤ ለዚህ ሥራ የፎገራን ሜዳ የመሰለ ቦታ አይገኝም። በነበቡትም ጊዜ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ደርሶ ነበረ።

እዚህ ላይ የሙቀቱን ነገር ማስታወስ ይገባል። የሞተር ዘይት በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሲሠራ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በዚህ መጠን አያስፈራም። ትነቱ እሳት ቢነካው የሚያያዘው ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው የጭስ ቧንቧ ግን ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ከ400 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ላይ የወደቀ ጠብታ ዘይት ይጨሳል፤ አቧራና ገለባ ከዘይቱ ጋር ተጋግረው ከቆዩ ደግሞ መጨሱ ወደ ነበልባል ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዳገት በመኪና ላይ ሽታ የሚያመጣ ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ጤነኛ ሞተር ከወረታ ደብረ ታቦር ወጥቶ ዘይት አይሸትም።

ከዚህ በኋላ እጥበቱ ሆነ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁት፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላልና። የኤሌክትሪኩን መገጣጠሚያዎች በፌስታል ሸፈኑ። የተጋገረውን ጥቀርሻ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አለስልሰው በጨርቅ ጠረጉት፤ በጥቂት ውሃም አለቀለቁት። ነጭ ጋዙ ራሱ የሚነድ ነገር ስለ ሆነ፥ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ መኪናው በፀሐይ ሲደርቅ ዋለ። በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌው የተፈጨ ጠመኔ በደረቀው ሞተር ጎንና ጀርባ ላይ በስሱ ነሰነሱ፤ ዘይቱንም እስከ ላይኛው ምልክት ሞሉ እንጂ አላሳለፉም። ዘይት ከልክ ሲያልፍ ሞተሩ ይንጠውና በማሸጊያዎቹ በኩል መውጫ ይፈልጋልና።

ከዚያም በመኪናው ላይ የሩዝ ጆንያ ጭነው፥ ሁለቱ ሆነው ከዓለም በር በላይ ያለውን ዳገት ወጡ። ሽታው እንደ ልማዱ መጣ። መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁመው፥ ሞተሩን አጥፍተው ወንበሩን አነሡ።

ነገሩ በጠመኔው ላይ ተጽፎ ነበረ። ከሞተሩ አናት፥ የላይኛው ክዳን ከሚገጠምበት፥ ከኋለኛው ማዕዘን አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይነሣል። ጥቂት ወርዶ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ጭስ ቧንቧው ይሄዳል፤ የሽታው ምንጭ ይህ ነው። ሁለተኛው በሞተሩ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ፥ ያ የጋራዥ ሠራተኛ ርሶ ያየው የካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። ከመስመሩ በላይ ያለው ጠመኔ እንደ ተነሰነሰ ነጭ ነበረ።

«እንግዲያ ያ ሰው ዋሸኝ?» አለ ሹፌሩ።

«አልዋሸህም፤ ያየውን ነገረህ» አሉ ሽማግሌው። «እርሱ ዘይቱ ያረፈበትን አየ፤ የተነሣበትን ግን አልፈለገም።»

የዚህ ሥራ ሁሉ ራስ ይህ ቃል ነው። ዘይት እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ መኪናው ሲሮጥም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከመኪናው ሥር ጠብ የሚልበት ቦታ ከተነሣበት እጅግ ሊርቅ ይችላል። ከታች ሆኖ የሚመረምር ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው የመጨረሻውን ነጥብ ነው፤ ያንንም ለውጦ ገንዘብ ካስወጣ በኋላ ዘይቱ እንደ ገና ከላይ ይወርድበታል። መመርመር የሚገባው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የሚፈለገውም ከሁሉ በላይ የረጠበው ቦታ ነው። በቆሸሸ ሞተር ላይ ይህን ማየት ስለማይቻል አስቀድሞ ማጥራት የግድ ነው።

ጥገናው ከምርመራው የቀለለ ሆነ። ወረታ ተመልሰው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ክዳን ብሎኖች ተፈቱ፤ ክዳኑ ተነሣ። በመካከሉ የነበረው ማሸጊያ ላስቲክ ስንት ዓመት በሙቀት ስለ ቆየ እንደ ቀንድ ደርቆ በእጅ ሲታጠፍ ተሰበረ። የቀረው ላስቲክ ብረቱ እንዳይጫር በጥንቃቄ ተነቀለ፤ ሁለቱም ገጾች ዘይት እስከማይቀርባቸው ተጠረጉ። አዲሱ ላስቲክ በቦዩ ተቀመጠ። ማጣበቂያው ሲሊኮን በማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ጥቂት ተደረገ፤ አብዝቶ መቀባት የተረፈው ተቆርጦ የዘይቱን መንገድ እንዲዘጋ ያደርገዋልና። ብሎኖቹም ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር በማመሳቀል፥ በሁለት ዙር፥ ቀስ በቀስ ጠበቁ። ብዙ ሰው «እንዳያፈስ» ብሎ በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቃል፤ ይህ ግን ላስቲኩን ይጨፈልቀዋል፥ ክዳኑንም ያጣምመዋል፥ ራሱም የማፍሰስ ምክንያት ይሆናል።

ሽማግሌው ግን በዚህ አላበቁም። ከክዳኑ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ቱቦ አውጥተው በአፋቸው ነፉበት፤ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ነበረ። የሞተር ሆድ ሲሠራ ከፒስተኖቹ ጎን የሚያመልጥ ግፊት አለበት፤ ያ ግፊት የሚተነፍሰው በዚህ ቱቦ ነው። በበጋ የፎገራ አቧራ ከዘይት ትነት ጋር ተቀላቅሎ ቱቦውን ሲደፍነው፥ ግፊቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የደከመውን ማሸጊያ ነው። ቱቦው ሳይጸዳ ላስቲኩ ብቻ ቢለወጥ ኖሮ፥ አዲሱም እንደ አሮጌው በቶሎ በተረታ ነበር። ቱቦው ታጠበ፤ የአየር ማጣሪያውም ተለወጠ።

ዋጋው ሁሉ ተደምሮ የሁለት ቀን ገቢው አልሆነም።

ሽታው ግን በዚያው ቀን አልጠፋም። በጭስ ቧንቧው ላይ የቀረው ዘይት ነድዶ እስኪያልቅ ድረስ ጥቂት ቀን ይሸታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሥራው ከንቱ ሆነ ብሎ ያዝናል። ከሦስት ቀን በኋላ ሽታው ጠፋ፤ የዘይቱም መጠን ካለበት ሳይወርድ ሰነበተ።

ገዢው በቀጠሮው መጣ። ሹፌሩም ወደ ርብ ድልድይ አልወሰደውም፤ የነበረውን ሁሉ ነገረው፥ የተሰበረውንም ላስቲክ አሳየው። ጎልማሳው ላስቲኩን ሲያገላብጥ ቆይቶ «እንዲህ ደኅና ከሆነ ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?» አለው። ሹፌሩም የሚመልሰው ቃል አጣ፤ ሽያጩም በዚሁ ቀረ።

ዘይት የሚያፈስበት ቦታ ግን ይህ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ዘይት ሲሞላ ጥቂት በላዩ የፈሰሰ እንደ ሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ነድዶ ይጠፋል። የዘይት ማጣሪያው ሲለወጥ የአሮጌው የላስቲክ ቀለበት በቦታው ተጣብቆ ከቀረ፥ አዲሱ በላዩ ሲታሠር ዘይቱ በብዛት ይፈስሳል፤ ስለዚህ አሮጌው ቀለበት ከነማጣሪያው መውጣቱን ማየት፥ አዲሱንም ዘይት ቀብቶ በእጅ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የማፍሰሻው ብሎን ቀለበትም ይደክማል። የኋላው ማሸጊያ በእውነት የሚሄድበትም ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ሁሉ ደረቅ መሆኑ ሳይታይ ካምቢዮ ማውረድ አይገባም።

ከሽታው ጋር ጭስ ከወንበር ሥር ወይም ከኮፈን ሥር የታየ እንደ ሆነ መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት፥ ተሳፋሪውንም አስቀድሞ ማውረድ ግዴታ ነው። ወንበሩን ወይም ኮፈኑን በድንገት መክፈት አየር ስለሚያስገባ እሳቱን ያነሣሣዋል። በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ መድፋት ዘይቱን ይበትነዋል፤ የሚጠቅመው የእሳት ማጥፊያው ዱቄት ነው፥ እርሱ ከሌለም ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ብልሃት ነው፤ እኛ ምን እናውቃለን» ይላል። ከወረታ ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ታቦር ሲቃረብ ጋፋት አለች። በዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ የአውሮፓ ባለ እጆችንና የአገሩን ሰዎች አንድ ላይ አሠርተው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍም በ1860 ዓ.ም. ከዚያ አገር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ከተቀበሉበት ከ1900 ዓ.ም. ወዲህም መኪና በዚህ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን ቋንቋ ቢመጡም፥ ዛሬ በወረታ ጋራዥ የሚያድግ ልጅ እንደ ማረሻና እንደ ሞፈር አድርጎ ይጠራቸዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ሲታሰብ ደግሞ፥ ያለውን ሞተር ጠብቆ ማኖር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግልጥ ነው።

የሚቀረው የአሮጌው ዘይት ነገር ነው። ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት በቦይ የተደፋ እንደ ሆነ በዚያ አይቀርም፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ወደ ሩዙ ማሳ፥ ከማሳውም ወደ ርብና ወደ ጉማራ፥ ከእነርሱም ወደ ጣና ይገባል። ጣና ከነአካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተጠበቀ የሕይወት ሀብት ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ዓሣውን የሚበላውም ውሃውን የሚጠጣውም ያው የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ አሮጌ ዘይት በጄሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስብ ሰው ይሰጥ እንጂ መሬት ላይ አይደፋ። ከላይ የተነሣ ዘይት ከታች የሚያርፍ መሆኑን በሞተሩ ላይ የተማረ ሰው፥ በሜዳውም ላይ ይህን አይረሳውም።

መኪና ያለው ሰው ማታ ሲያቆም ከሞተሩ ሥር አንድ ካርቶን ያንጥፍ፤ ማለዳም ጠብታ እንዳለ ይይ። በሳምንት አንድ ጊዜ መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ያንብብ። ከተሳፋሪ አንዱ «ይሸታል» ያለው እንደ ሆነም መስኮት ከመክፈቱ በፊት መኪናውን አቁሞ ይጠይቀው። ካርቶን፥ ጨርቅና አፍንጫ በማንም ቤት አይጠፉም።